ቅርስ ከሆነ ሳሎን አስቀምጠው

የአዲስ አበባ ሰው ቤት ማደስ የሚጀምረው ከሳሎን ነው። ሶፋው ይቀየራል፤ መጋረጃው ይቀየራል፤ ጣሪያው ጂፕሰም ይለብስና ጂፕሰሙ ውስጥ ሰማያዊ መብራት ይቀበራል። ቴሌቪዥኑ በየጥቂት ዓመቱ አንድ ስንዝር ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ (አይተርፍም እንጂ!) መኝታ ቤት ይታያል። ማድ ቤትስ? ማድ ቤትማ ምን ቸገራት… እንግዳ አያያት!

እስቲ ለዚህች አንዲት ክፍል ስንት ስም እንዳወጣንላት ተመልከቱ። “ጓዳ” እንላለን፤ ገበናችንን የምንከትባት ናት። “ማድ ቤት” እንላለን፤ ማዕድ የሚሰናዳባት ቤት ማለታችን ነው። “ኪችን” ያልናት እንደሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኪችን ማለት ስልካችን ላይ በፎቶ የምናያት፣ ሰው ቆሞባት የማያውቅ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ሁልጊዜ ሦስት ሎሚ በሳህን የተቀመጠባት፣ ሽንኩርት የሚባል ነገር ደርሶባት የማያውቅ ክፍል ናት። ዘንድሮ እኛ ቤት የተነሣው ክርክር ከጓዳ ወደ ኪችን እንዴት እንሻገር የሚል ነበር። እኔ ግን ዛሬ ማውራት የፈለግኩት መሐል ላይ ስላለችው፣ ስለ ማድ ቤቷ ነው።

የእኛዋ ማድ ቤት 2 ሜትር ከ10 በ3 ሜትር ናት። ሁለት ሰው ከገባ አንዱ ወደ ኋላ እየሄደ ነው የሚወጣው። አንዲት መስኮት አለቻት፤ እሷንም ግማሽ በግማሽ የላይኛው ካቢኔት ጋርዷታል። ካቢኔቱ ከዳር እስከ ዳር እንጨት ነው። ጠቆር ያለ ቡናማ ሲሆን፣ የአርባ ዓመት ዘይትና ጭስ ላዩ ላይ ሁለተኛ ቫርኒሽ ሆኖ ደርቋል። አባቴ እኔ ከመወለዴ በፊት፣ በ1970ዎቹ ውስጥ፣ አናጢ ግቢ ድረስ አምጥቶ ያሠራው ነው። አባቴ ካረፈ ስምንት ዓመቱ ነው። በእጁ ለክቶ፣ ቆሞ አሠርቶ፣ በየበዓሉ እየወለወለ ያቆየው ዕቃ ቤታችን ውስጥ ከዚህ ሌላ የለም።

እናቴ “ይነቀልልኝ” አለች።

እህቶቼ “ይነቀል!” አሉ። ጎረቤት “ምን ትጠብቃላችሁ፣ አንጸባራቂ ኤም ዲ ኤፍ አለ፤ ነጭና ግራጫ አድርጋችሁ አንደኛችሁን ተገላገሉ” አለ። እኔ ደግሞ በተቃራኒው ቆምኩ። ክርክሩ በዚህ ላይ እያለ አናጢ ተጠራ።

አናጢው ገባ፤ ዞር ዞር ብሎ አየ፤ አንዱን የታችኛውን በር ከማጠፊያው ፈታና ገለበጠው። ዘይት ያልነካውን የውስጥ ጠርዝ በቢላ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ከዚያ ፊቱ በራ።

“ማዘር፣ ይሄ እኮ ዋንዛ ነው!”

ዋንዛን የማታውቁ ካላችሁ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነጭ አበባውን አርከፍክፎ የምታዩት፣ በቡና አገር ደግሞ ለቡና ጥላ የሚሆነው ዛፍ ነው። እንጨቱ ለሥራ አይለግምም፤ ከበሮም፣ ሙቀጫም፣ ቀፎም፣ በርና ጠረጴዛም ይወጣዋል። ይሄው መልካምነቱ ነው መጥፊያው የሆነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ብሎ ከዘረዘራቸው አራት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነው፤ ሦስቱ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ናቸው። ያ አዋጅ በኋላ በሌሎች ቢተካም ዛፎቹ አልበረከቱም። ነገሩ ሲጠቃለል፣ ዛሬ እንዲህ ዓይነት ሙሉ የዋንዛ ጣውላ ከነበርበሬ መዓዛው ግድግዳችሁ ላይ ተሰቅሎ ከተገኘ፣ አውጥቶ መጣል ወርቅን በፌስታል ጠቅልሎ እንደ መጣል ነው።

በዚያ ላይ ኤም ዲ ኤፍ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ እንወቅ። የተፈጨ የእንጨት ጭረት በሙጫ ተደባልቆ፣ በሙቀት ተጨፍልቆ፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ ወይም የወረቀት ቆዳ የለበሰ ነው። ቺፑድ የምንለው ደግሞ ከሱ ሻካራው ዘመዱ ነው። ቆዳው እስካልተላጠ ድረስ ቆንጆ ነው፤ አልክድም። ቆዳው በተከፈተበት ግን ውሃ ይገባል፤ ውሃ ከገባ ደግሞ እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል። አንዴ ካበጠ ተመልሶ አይከሳም። ብሎኑ አንዴ ከተነቀለ በዚያው ቀዳዳ መልሶ ለመያዝ ያስቸግራል። ሙሉ እንጨት ግን ይላጋል፣ ይቆረጣል፣ ይጠገናል፣ እንደገና ይቀባል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወዴት እንደሄደ ለእናንተ አልነግራችሁም።

እናማ ይሄን ሁሉ ደርድሬ፣ በመጨረሻም “እማዬ፣ ይሄ እኮ ቅርስ ነው!” ብዬ ንግግሬን ዘጋሁ።

እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

“ቅርስ ከሆነ ሳሎን አስቀምጠው።”

ወዳጆቼ፣ ይሄን ንግግር ልብ ብላችሁ አድምጡልኝ። በዚህች አገር ስለ ቅርስ ብዙ ተብሏል፤ ስብሰባ ተደርጓል፣ መጽሐፍ ተጽፏል። ከዚህ አጠር ያለ ግን እኔ አልሰማሁም። ቅርስ ብለን ያከበርነውን ነገር ማን ይፈትገዋል? ማን ጎንበስ ብሎ፣ ተንጠራርቶ፣ ጨልሞበት ይኖርበታል? የሚያደንቀው ሰው ሳሎን፣ የሚለፋበት ሰው ጓዳ!

“ምን አደረገሽ?” አልኳት። ያን ጊዜ ምስሩን አስቀመጠች።

“ትከሻዬን አመመኝ” አለች። “አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲያሠራው እዚያ ጋ ቆሞ ክንዱን ዘርግቶ ነው ያስለካው። ጥሩ አሠርቷል፣ አልወጣኝም። ግን አንድ ቀን ሽንኩርት ልጦበት አያውቅም።”

አናጢው ነገሩን ሰምቶ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። የታችኛው ካቢኔት፣ ማለትም የሚከተፍበት ጠረጴዛ፣ ከወለል 96 ሴንቲ ሜትር ወጣ። ቀጠለና እናቴን አቁሞ ክርኗን ለካ፤ 97። በዚህ ሙያ ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚያውቁት ቀላል ሕግ አለ፤ ቆሞ የሚሠራ ሰው የሚከትፍበት ጠረጴዛ ከክርኑ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ዝቅ ማለት አለበት። ለእናቴ የሚሆነው ከ82 እስከ 87 ነው ማለት ነው። እሷ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰቅላ ነው የከተፈችው። አባቴ ረጅም ሰው ነበር፤ ወደ 1 ሜትር ከ78 ይሆናል። 96 ሴንቲ ልክ ለሱ ቁመት የሚሆን ጠረጴዛ ነው። ቤታችን ውስጥ በጥንቃቄ ከተለካው ዕቃ ሁሉ ይሄ አንደኛው ነበር፤ የተለካው ግን አንድም ቀን ላልቆመበት ሰው ነው።

ይሄን ስሰማ ዋንዛው ዓይኔ ላይ አልረከሰም። ይልቅ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የአባቴ መልካምነትም እዚያው እንጨት ላይ አለ፤ የእናቴ የትከሻ ሕመምም እዚያው እንጨት ላይ አለ። አንዱን ነቅሎ ሌላውን ማስቀረት የሚቻል አይመስልም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ሩቅ አገር ነው ግን ወደ ቤታችን ይመልሰናል። እ.ኤ.አ. በ1926 ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ከተማ፣ ለሠራተኛ ቤተሰቦች በብዛት ቤት ሲሠራ፣ ማርጋሬት ሹተ-ሊሆትስኪ የምትባል ኦስትሪያዊት አርክቴክት የማድ ቤቱን ዲዛይን ሠራች። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ወጥ የኪችን ካቢኔት አያቱ እሷ ናት ይባላል። 10,000 ገደማ ተሠርቷል። ስፋቱ ስንት መሰላችሁ? 1 ሜትር ከ90 በ3 ሜትር ከ40 ገደማ። ከእኛዋ ጋር እኩል በሉት! ያቺ ሴት ጠባቧን ክፍል ለማስፋት አልሞከረችም። ከባቡር ላይ ማድ ቤት ተምራ፣ የምታበስለዋ ሴት በቀን ስንት እርምጃ እንደምትራመድ፣ እጇ የት እንደሚደርስ አሰበች። የሚሽከረከር ወንበር አስገባች፣ ቁጭ ብላ እንድትሠራ። ጣሪያው ላይ በሐዲድ የሚንሸራተት መብራት አደረገች፣ ጥላ እንዳያስቸግራት። በኋላ ዘመን የመጡ ሴቶች ደግሞ ተቹት፤ “አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ክፍል ሠርታችሁ ሴቷን ለብቻዋ ዘጋችሁባት” አሉ። ትችቱም እውነት አለው። የሆነ ሆኖ ዲዛይኑ የተነሣው ከምትቆመው ሰው አካል ነበር። እኛ ከዚያ ሁሉ የወረስነው የበሩን ማንጸባረቅ ብቻ እንዳይሆን ነው የምፈራው።

ለምሳሌ ከካታሎግ የሚመጣው ኪችን ምጣድ አያውቅም። የካቢኔቱ ጥልቀት 60 ሴንቲ ነው፤ የምጣዳችን ስፋት ደግሞ ራሱ ወደ 60 ይጠጋል። አክምባሎውን የት ታስቀምጡታላችሁ? የሊጡ ባልዲ የት ይቆማል? የጤፉ ማዳበሪያስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ስታካፍሉት ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ይሄን ከስቶቩና ከፍሪጁ ጋር በአንድ መስመር ላይ ሰክቶ “ሶኬቱ ለምን ቀለጠ?” ማለት አያምርም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየሙ ፕሮግራም ሲጀመር ለመጋገሪያ፣ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ ተብለው የጋራ ቤቶች አብረው መሠራታቸው ቢያንስ ይሄን ጉዳይ ያሰበ ሰው እንደነበር ያሳያል። ከዚያ ወዲህ ስንት ምጣድ በረንዳ ላይ እንደወጣ ግን ኮንዶሚኒየም የምትኖሩት ታውቁታላችሁ።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ሜትሩ ወጥቶ እናቴ ከተለካች በኋላ ገና ያልተለካች አንዲት ሰው ቀርታ ነበር። ቤታችን የምትሠራው ልጅ በሩ ጋ ቆማ ታያለች። በቀን ውስጥ ከሁላችንም በላይ እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ የምትቆመው እሷ ናት። ክርኗ ከእናቴም ያንሳል። ለዚህ ነው የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ላዩ ላይ የምትቆመው፤ ሳጥኑ ሁልጊዜ እዚያው ነበር፣ እንደ ቤት ዕቃ።

“አንቺስ ምን ይስተካከል ትያለሽ?” አልናት።

መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ “እኔ ምን አውቃለሁ” አለች። እናቴ “ተናገሪ እንጂ፣ የምትሠሪው አንቺ አይደለሽ” ስትላት ግን አልዘገየችም።

“እትዬ፣ መብራቱ ከኋላዬ ነው። ማታ ስከትፍ የራሴ ጥላ እጄ ላይ ያርፋል። ቢላው አይታየኝም።”

ቀና ብለን አየን። አምፖሉ የጣሪያው መሐል ላይ ነው፤ ጠረጴዛው ግድግዳው ጋ። ጠረጴዛው ጋ ለሚቆም ሰው ብርሃኑ ሁልጊዜ ከጀርባው ነው የሚመጣው። ፍራንክፈርት ላይ ሐዲድ የተዘረጋለት ችግር ይሄው ነው። ለኛ መፍትሔው ምን መሰላችሁ? ያ ሳሎን ጂፕሰም ውስጥ የምንቀብረው የኤል ኢ ዲ ጥቅል! ሁለት ሜትር ተቆርጦ ከላይኛው ካቢኔት ሥር ተለጠፈ፣ በነጭ። ከእድሳቱ ሁሉ እጅግ ርካሹ እሱ ነበር፤ ለውጡ መጀመሪያ የታየውም በሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ቀለለ። የሠራነውን እነሆ፣ ለሚጠቅመው ሰው፦

የታችኛው ካቢኔት ቀረ። ሥሩ 20 ሴንቲ የሚሆን ባዶ መቆሚያ ነበረው፤ አናጢው ከሱ ላይ 11 ሴንቲ ቆረጠና ጠረጴዛው 85 ላይ ወረደ። ቺፑድ ቢሆን ኖሮ ይሄን ቁረጥልኝ ማለት አፍርስልኝ ማለት ነበር። ዋንዛው ግን መጋዝ ሲገባበት ውስጡ ገና ማር መልክ ነበረው። ላቫንዲኖው ሥር ያለው ኮምፔርሳቶ በስብሶ ስለነበር እሱ ብቻ ወጥቶ ውሃ በሚችል አዲስ ተተካ።

እንጨቱን ለማንጻት ብርጭቆ ወረቀት ከማንሳታችሁ በፊት ዘይቱን አስለቅቁ። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ እንደገና። ዘይቱ ሳይለቅ ከፋቃችሁት እንጨቱ ውስጥ ነው የምታስገቡት፤ ቫርኒሹም አይዝም። ከዚያ በ120 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ220፣ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ አቧራው ክፉ ነው። የካቢኔቶቹን ውስጥ ነጭ ቀለም ቀባናቸው፤ ጨለማ ውስጥ እጅ ሰዶ መፈለግ ቀረ። ስንጥቆቹን በሲሊኮን ደፈንናቸው፤ በረሮዎቹ ሌላ ሰፈር ቤት እየፈለጉ ነው።

ምጣዱ የራሱ መስመር ከቆጣሪው ተሳበለት። በመስኮቱ በኩል ያለው ጫፍ 80 ሴንቲ ያህል ካቢኔት የሌለው ባዶ ቦታ ሆኖ ተተወ፤ ዝቅ ያለ ጠንካራ ጠረጴዛ ገባና ምጣዱ እዚያ ተቀመጠ። እንፋሎቱ በመስኮቱ ይወጣል።

አዲስ ኤም ዲ ኤፍ ከማስገባት ሌላ ምርጫ የሌላችሁም አላችሁ፤ አውቃለሁ፣ ሁሉም ቤት ዋንዛ የለውም። እንግዲያው ጠርዞቹ ሁሉ፣ የማይታየው ጀርባውም ጭምር፣ መሸፈናቸውን አረጋግጡ። ላቫንዲኖው ሥር ያለውን ክፍል ብቻ ውሃ በሚችል ኮምፔርሳቶ አሠሩት። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ደግሞ የራሳችሁን ክርን ለኩ። ሠሪው ካልነገራችሁት በለመደው ልክ ነው የሚሠራላችሁ።

የላይኛው ካቢኔትስ? መስኮቱን የጋረደው ክፍል ወረደ። እሱ ሲወርድ ማድ ቤቷ ውስጥ የገባውን የጠዋት ፀሐይ ብታዩት! እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላቫንዲኖው ጋ ቆማ የጓሮውን ጌሾ አየች። “እንዲህ ቅርብ ነው እንዴ?” አለች። እኔ ምንም አልመለስኩም፤ የምመልሰውም አልነበረኝ።

የወረደውን ካቢኔት አናጢው አጽድቶ፣ በሮቹን አውልቆ፣ በቫርኒሽ አስጊጦ አስረከበኝ። እህቶቼ “ለምናለሽ ተራ ሰዎች ይሸጥ” አሉ። እናቴ እምቢ አለች።

“ነገርኩት እኮ” አለች። “ሳሎን ያስቀምጠው።”

አሁን ሳሎን ነው ያለው፤ የአባቴን መጻሕፍትና ፎቶውን ይዟል። በሳምንት ሁለት ቀን የሚወለውለው ደግሞ እኔ ነኝ። በእናቴ ትእዛዝ ነው፤ “ቅርስ ያልከው አንተ ነህ” ብላኛለች፤ ሕጉም ይሻሻላል ተብሎ አይጠበቅም። ጠርዞቹ ሥር የሚሰበሰበው አቧራ ለካ ጎንበስ ካላሉ አይወጣም።

የለስላሳ ሳጥኑ ማድ ቤት ውስጥ የለም። ለጋሪ ገፊ ተሰጥቷል።

በሉ፣ እናንተም ዛሬ ማታ ስልካችሁን አስቀምጡና ሜትር ይዛችሁ ማድ ቤት ግቡ። ማን ነው እዚያ የሚቆመው? ክርኑስ የት ላይ ነው? ቸር ይግጠመን!